አባ ኪሮስን ከሞት ያስነሳሁ ዕለት

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰቆጣ የግብርና ቢሮዬ ገብቼ ገና ኮምፒውተሬን ስከፍት አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔን የገደልሽኝ አንቺ ነሽ አሉ?»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ነገሩን ጠየቅኋቸው።

አባ ኪሮስ ወልዱ እዚሁ ዞናችን ያለችው የዝቋላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። የወረዳዋ ከተማ ጽጽቃ የማሽላ ዘር ሲታደል ሄደው፣ መዝገቡ «ሞተዋል» ብሏቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መሬታቸው ታርሷል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የሚዘሩት የለም። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት ለዚሁ ነው።

«"ይኸው ቆሜ!" ብላቸው "ኮምፒውተሩ ነው" አሉኝ።»

ልናዘዝ... ጊዜው የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የገበሬዎቹ ዋና ዳታቤዝ እኔ ጋ ነው፤ ጽጽቃ ቅጂው አለ። እኔ እዚህ የለወጥኩት በስልክ መስመር ሄዶ እዚያም ይለወጣል። መስመሩ ኤሊ ስለሆነ ሁሉንም ዓምድ አልልክም። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌና «አለ ወይስ ሞቷል» የሚለውን መርጬ የየገበሬውን መለያ ቁጥር ተውኩት። እዚህ አገር ሰው በአባቱ ስም እንጂ በቁጥር መች ይታወቃል ብዬ!

ለካ እዚያው ቀበሌ ሌላ ኪሮስ ወልዱ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ የእሳቸውን ረድፍ ብቻ ለወጥኩ። የጽጽቃው ቅጂ ግን የትኛው ኪሮስ እንደሆነ የሚለይበት ቁጥር የለውምና ሁለቱንም ገደላቸው።

«ይቅር ይበሉኝ አባ፣ አሁኑኑ አስነሳዎታለሁ» አልኩና ተጣድፌ የእሳቸውን ረድፍ «አለ» ብዬ ላክሁ። ጽጽቃ ላለው ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ተነስተዋል» አለኝ። «ግን... ሟቹም ተነስተዋል!»

አይ የኔ ነገር! አሁንም ያለ ቁጥር ነው የላክሁት። አፍሬ ለአባ ስነግራቸው ይቆጣሉ ስል በሳቅ ፈረሱ።

«ግድ የለም፣ የቁጥሩን ዓምድ ጨምሬ ሟቹን ወዲያው እመልሳቸዋለሁ» ብዬ ኪቦርዱን ስነካ እጄን ያዙኝ። ሳቃቸው ጠፍቷል።

«ተይ ልጄ! ወዳጄ ነበር። ሚስቱ "በስምሽ እስክትመዘገቢ ጠብቂ" ተብላ ያለ ዘር ተቀምጣለች። አንዴ ከተነሳ በስሙ ዘሩን ትውሰድና ከዚያ ይሙት።»

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። እሺ አልኳቸው።

ሟቹን ኪሮስ ወልዱን መልሼ የቀበርኳቸው በሳምንቱ ነው... የሁለቱም ዘር መሬት ከገባ በኋላ።