ድፎ ዳቦና ስምጥ ሸለቆ

አዲስ አበባ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ስቶክሆልም ውስጥ ማንም ስለማያውቀው ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ባሌን ተከትዬ ቬሊንግቢ የሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ስገባ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ዲፕሎማዬም የጠመኔ ብናኝ የጠገበ ነጭ ጋዋኔም ነበሩ። “ቲቸር” ብሎ የሚጠራኝ ሰው ግን በሻንጣ አይመጣም። ያኔ ጠዋት ጠዋት አረጋውያን መጦሪያ እሠራ፣ ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማ ወዳለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።

ስዊድን አገር ተመልሶ አስተማሪ ለመሆን ተጨማሪ ሥልጠና መግባት ያስፈልጋል። ሥልጠናው ለመግባት ደግሞ የስዊድንኛውን ኮርስ ማለፍ ግድ ነው። የኮርሱ መዝጊያ “ሬዶቪስኒንግ” የሚሉት ነው፤ በመረጡት ርዕስ፣ በሚታይ ነገር ተደግፎ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ መናገር። እኔ ደግሞ ሰባ ተማሪ ፊት ስቆም የኖርኩ ሰው ነኝ። አሥር ደቂቃ ምን አላት ብዬ ናቅኳት።

በክፍሉ ውስጥ ሐበሻ እኔና አንድ አባት ብቻ ነበርን። በስደት የገቡ፣ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ “የተቋረጠውን ትምህርቴን ልጨርስ” ብለው የተመዘገቡ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ከረቫት አስረው ይመጣሉ። በስዊድን ወግ ሁሉም ሰው “አንተ” ሲላቸው ፈገግ ይላሉ፤ እኔ “እርስዎ” ስላቸው ቀና ብለው ይቀመጣሉ። እኔን “ልጄ” ነው የሚሉኝ።

ርዕሴን ስምጥ ሸለቆ አደረግኩ። ያኔ በየክፍሉ ኦቨርሄድ ነበር፤ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የጻፉትን ግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ ማሽን። ባሌ ኪስታ የሚባል ሰፈር የቴሌኮም ቢሮ ስለሚሠራ “በኮምፒውተር ልሥራልሽ” ቢለኝ፣ “ማን ማንን ነው የሚያስተምረው?” ብዬ አባረርኩት። ቅዳሜና እሑድ ጎንበስ ብዬ ፕላስቲኮቹን በቀጭን እስክሪብቶ ሞላኋቸው። አንድ ቃል አላስቀረሁም። መስመሩ የተስተካከለ፣ ርዕሱ የተሰመረበት፣ እንከን የለሽ ኖት ነበር።

ቀኑ ሲደርስ መብራቱን አጠፋሁና ማሽኑን አበራሁ። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ከግድግዳው ላይ አነበብኩ። ስጨርስ ዞሬ እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። እየገለበጡ መስሎኝ ነዋ! እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ለአራት ነው፤ ቲቸር ሰሌዳውን ይሞላል፣ ተማሪ ይገለብጣል፣ ቲቸር በወንበሮቹ መሀል ይንሸራሸራል። እኔም ተንሸራሸርኩ። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዷ ሰዓቷን ታያለች። “ጨረሳችሁ?” አልኩ በስዊድንኛ። አንዷ ልጅ ቀስ ብላ “አሞሽ ነው?” አለችኝ።

ከኋላ ግን የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማል። እኚያ አባት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ይገለብጣሉ።

“ትንሽ ታገሺኝ ልጄ፣ ሁለት መስመር ናት የቀረችኝ!” አሉኝ በአማርኛ።

ከክፍል በኋላ መምህራችን አስቀረችኝ። ረጅም፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። “ግድግዳው ሁሉንም ከተናገረ አንቺ ለምን ቆምሽ?” አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው፤ እኔ ግን ኩም አልኩ። አላለፍኩም። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ዕድል ልትሰጠኝ ተስማማች፤ ከዚያ ወዲያ ዕድል የለም። “የሚታየው አንድ ነገር ይሁን። ጊዜው ሲደርስ አውጪው፣ ሲበቃ መልሰሽ ሸፍኚው። ፊትሽ ወደ እኛ ይሁን።”

ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “ለስዊድኖች ኖት አስጻፍሻቸው?” ትራሱን ወረወርኩበት። ሲበርድለት “አሁንስ በፓወርፖይንት ልሥራልሽ፤ ተራራው እየተሽከረከረ ይገባል” አለ።

“ተራራ አይሽከረከርም!” ብዬ ጮህኩበት።

የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። የድሮው ትምህርት ቤቴ ትዝ ብሎኝ ነው። ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድደን፣ አጥበን፣ ካርታ እንስልበት ነበር። ከጋዜጣና ከሙጫ ሉል እንሠራለን። ያንን ከረጢት ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ስገባ ሰባውም ልጅ አንገቱን ያሰግግ ነበር፤ እስክዘረጋው ትንፋሽ አይሰማም። እንዴት እንደናፈቁኝ! “ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት” እያልኩ ሳስተምር የኖርኩት ሴትዮ፣ ፈረንጅ አገር ስገባ መብራት ያለው ማሽን ሳይ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ።

ከዚያ በዓል ደረሰ። እንደ አቅሜ ድፎ ጋገርኩ፤ ኮባው ቀርቶ በምድጃ ወረቀት። ባሌ ባርኮ ሊቆርስ ሲል ቢላዋ አጣና በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ ሳበው። ቅርፊቱ መሀሉን በረጅሙ ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁ መሀል አንድ ቁራጭ ቅርፊት ወደ ውስጥ ሰመጠ።

“ቁም! እንዳትነካው!” አልኩ።

እጁን መለሰ። “ምንድን ነው? ትል ነው?”

“ስምጥ ሸለቆ ነው!”

በዓሉን ሙሉ ዳቦ ስስብ ዋልኩ። የደረቀው ይፈረካከሳል፣ ያልበሰለው ይለጠጣል። ባሌ የተበላሸውን ሁሉ እየበላ አገዘኝ። አንድ ጥሩ ምክርም ሰጠኝ፤ “ገና ከመጀመሪያው እንዳትገልጪው። ሰው ዳቦ እያየ የሚያዳምጠው ሆዱን ነው።”

በቀጠሮዬ ቀን ድፎውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ሄድኩ። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ባቡሩን ሞላው። ሁሉም ሸተተው፤ ማንም ወደ እኔ አላየም።

ፊቴን ለክፍሉ ሰጥቼ ጀመርኩ። እንደምንም ሄደልኝ። መሬት ቅርፊት እንዳላት፣ ሥሯ ትኩስ እንደሆነ፣ ቅርፊቱ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ከዚያ ፎጣውን ገለጥኩ። አንገቶች ሰገጉ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ድፎውን አነሳሁ፣ ጣቶቼን አዘጋጀሁ፣ ቀና አልኩ።

እኚያ አባት ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ከረቫታቸውን አስረው።

እጄ ቆመ። አባት በተቀመጡበት፣ ሳይባረክ፣ እኔ ልቆርስ? ቤት ስለማመድ ይህ እንዴት አልታየኝም? መምህሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ የምናገረው የጠፋኝ መስሏታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሥልጠናውም፣ ሰሌዳውም፣ ጋዋኔም ከእጄ ሲያመልጡ ታወቀኝ። በስዊድንኛ እንዴት ብዬ ላስረዳ? አልቻልኩም።

“አባቴ፣ ይባርኩልኝ” አልኩ በአማርኛ።

ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። “አንደበትሽን ይፍታልሽ፣ እንጀራሽን ያብዛልሽ፣ የወጣሽበትን ያሳካልሽ” አሉ። “አሜን” አልኩ። ክፍሉ የአቀራረቡ አንድ ክፍል መስሎት በጥሞና አዳመጠ። “በይ ቁረሺ” ብለው ተቀመጡ።

ሳብኩት። ቅርፊቱ ቀስ ብሎ ጮኸና ተሰነጠቀ፤ መሀሉ ሰመጠ። ከፊት አንዷ “ኦይ!” አለች። “ሐይቆቹ እዚህ ጋ ይተኛሉ” አልኩ ስንጥቁን በጣቴ እያሳየሁ፣ “አፋር እዚህ፣ የሰፋው ጋ። እኔ ያደግኩት እዚህ ጠርዙ ላይ ነው።” ሲበቃ ፎጣውን መለስኩ። ሁሉም ዐይኖች ተመልሰው እኔ ላይ ሆኑ። ስዊድንኛዬ እንደዚያ ቀን ተፈትቶልኝ አያውቅም።

“ጥያቄ አለ?” አልኩ።

ስዊድን ውስጥ ተማሪ ሲጠይቅ አይነሣም። እኚያ አባት ግን አንድ ጣታቸውን አወጡ፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከጎኑ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ቲቸር” አሉኝ።

ከዚያ በስዊድንኛ ጠየቁ፤ መሬቱ አንድ ቀን ፈጽሞ ይለያያል ወይ ብለው። እንባዬን ዋጥኩና “አዎ፣ ቀስ እያለ ይለያያል” አልኩ።

ድፎው ፍርፋሪው ሳይቀር ተበላ፤ መምህሯም ሁለተኛ ደገመች። አለፍኩ። ሥልጠናውንም ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ። ተማሪዎቼ በስሜ ይጠሩኛል፤ የአገሩ ወግ ነው፣ አልቀየምም። እኚያ አባት ካረፉ ቆይተዋል።

ስምጥ ሸለቆ የማስተምር ቀን አሁንም ድፎ ይዤ እገባለሁ። ፎጣውን ገልጬ፣ ዳቦውን አንስቼ፣ ከመሳቤ በፊት ትንሽ ዝም እላለሁ። ልጆቹ የምናገረው የጠፋኝ ይመስላቸዋል።