ጋሼ ደምሌና የመኪናችን ፉጨት

ባለፈው ወር ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና እያፏጨ አለፈ። ከሞተሩ ጎን ረጅም ቧንቧ ወደ ላይ የተተከለለት፣ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ለከተማው ሁሉ የሚሰማ ዓይነት ነው። የአቧራውና የተቃጠለው ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላ ሰው ቢሆን በናፍቆት ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ጋሼ ደምሌ ትዝ አሉኛ።

ጋሼ ደምሌ በደርግ ዘመን የአጥር ጎረቤታችንና የከተማው መካኒክ ነበሩ። ውሻ ምላሱን ጎልጉሎ በሚውልበት በዚያ የቆላ ቀትር፣ ካኪ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቁርቁራው ዛፍ ሥር በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ናፍጣና የልብስ ሳሙና ይሸታል። አንድ ብሎን በናፍጣ ያጥባሉ፤ በጨርቅ ያደርቃሉ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፤ ከዚያ እንደገና ያጥቡታል። አጠገባቸው የቆመ ሰው ጨርቁን ነጥቆ መሮጥ ያምረው ነበር።

አባቴ ጣሊያን ሠራሽ የሆነች አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ከአብርሃ ጅራ ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ያወጣባታል። ያን ጊዜ የቆላው ሾፌር ሁሉ አንድ አመል ነበረው፤ ፋብሪካው የገጠመውን የአየር ማጣሪያ ይፈታና ድንበር ማዶ የሱዳን ቀጥቃጭ የሠራውን ረጅም ቧንቧ ይተክላል። የሚጮህ ሞተር ጉልበተኛ ነው ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር ፉጨቱ ደስ ይላል። ጫኝና አውራጁ መኪናውን ሳያይ ባለቤቱን በፉጨቱ ይለያል፤ እናቴም የአባቴን ስትሰማ የእግር ውኃ ትጥዳለች። በእኛ ከተማ ብረት አይጣልምና፣ አባቴ የተፈታውን ማጣሪያ ቁርጥራጭ ለጎረቤት ሁሉ አከፋፈለው።

መኪናዋ ሁለት ዓመት ያህል ካፏጨች በኋላ ዘይት መጠጣት ጀመረች። ጭሷ ሰማያዊ ሆነ፤ ዳገት ላይ ትለግማለች። እኔ ስምንተኛን ጨርሼ በመስከረም ጎንደር ልገባ ነበር፤ በእኛ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ በላይ ክፍል አልነበረም። የጎንደር ወጪዬ የሚሸፈነው በመኪናዋ ገቢ ነበርና፣ አባቴ መኪናዋ ካልተነሣች ልጅቷ አንድ ዓመት ቤት ትቆይ አለ። አንድ ዓመት ቤት የቆየች ልጅ ምን እንደሚገጥማት የማያውቅ አልነበረም፤ ሽማግሌ ይላክባታል፣ ትዳራለች፣ አበቃ።

የመኪና ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ አባቴ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ዘይት አልፎ እንዳይቃጠል የሚያግደውን አዲስ የፒስተን ፋሻ አገኘና ሮጦ ለጋሼ ደምሌ ወሰደላቸው። እሳቸው አገላብጠው አዩትና በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉት። መጀመሪያ የፋብሪካው ማጣሪያ ይመለስ አሉ፤ ሞተሩን የበላው ቧንቧው ያስገባው አቧራ ነው፣ አዲሱንም ፋሻ ይበላዋል። አባቴ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አማላጅ ላከ። "ፋብሪካው ያለ ምክንያት ብሎን አያባክንም" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

ክረምቱን ሙሉ ማጣሪያ ስንለቅም ከረምን። አቧራ የሚይዘው ዘይት የሚቀመጥበትን ጣሳ የአንዲት ጎረቤት ዶሮዎች ውኃ ሲጠጡበት አገኘሁት። ውስጡ በሚገባው የሽቦ ወንፊት ጠላ ሻጯ ጠላ ታጠልልበት ኖሯል፤ ጠላዋ ናፍጣ ናፍጣ ይላል ሲሏት ለካ ስም ማጥፋት አልነበረም። ጋሼ ደምሌ የመጣላቸውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠቡት። በመጨረሻ የማጣሪያውን ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት ብቻ ቀረ። አባቴ ለማን እንደሰጠው ረስቶታል። በሽቦ ይታሰር ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ስንዞር ጳጉሜን ገባ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ቁርቁራው ሥር ሄጄ ፊታቸው መሬት ላይ ዘፍ አልኩና አለቀስኩ።

"ጋሼ፣ በሽቦ ቢያስሩት ምናለበት? ሰው ሁሉ በሽቦ አይደል የሚያስረው?"

"ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ እኔን የሚጠራኝ ለዚያ አይደል፣ ልጄ?" አሉኝ፣ ብሎናቸውን እያጠቡ።

አንገቴን ደፋሁ። ፊት ለፊቴ የበርጩማቸው እግር ነበር። የተሰነጠቀው እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ አልቆ ከሥሩ ብረት ያብለጨልጫል። ለካ አባቴ ቀለበቱን የሰጠው ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩነሽ ኖሯል፤ እሳቸውም የባላቸውን በርጩማ አሥረውበት ጨርቅ ደርበውበታል። እኛን ከተማውን ሲያዞሩን የከረሙት እላዩ ላይ ተቀምጠው ነው።

ጋሼ ደምሌ ዝቅ ብለው አዩት። ይቅርታ አልጠየቁም፣ አልሳቁምም። ቀለበቱን ፈቱ፣ ሁለት ጊዜ አጠቡት፣ በርጩማውን ግድግዳ አስደገፉና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን ጀመሩ።

በመስከረም መኪናዋ ትንፍሽ ሳትል ዳገቱን ወጣችና ጎንደር አደረሰችኝ። አባቴ ዲዳ አደረጉብኝ እያለ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጨ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ውኃ የምትጥደው በግምት ሆነ። ያችው መኪና ግን አራት ዓመት ለትምህርት ስታመላልሰኝ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም።

ጋሼ ደምሌ የሞቱት እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ለቅሶ ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ በርጩማውን ከጓዳ አወጡልኝ። "ከዚያ ወዲህ አልተቀመጡበትም። በሽቦ ልሰርልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ላንቺ ብለው የፈቱት ነውና ውሰጅው" አሉኝ።

ይኸው ዛሬም ቤቴ ይገኛል። የተቀመጠበት እንግዳ ሁሉ እየተንገዳገደ ይታዘበኛል፤ ልጆቼ ጣይው ይሉኛል። ስንት ጊዜ ሽቦና ጉጠት ይዤ አጠገቡ ተንበርክኬአለሁ። ሽቦውን እግሩ ድረስ አደርሰውና እጄ እምቢ ይለኛል። እኚህ ሰውዬ ሞተውም ያናድዱኛል።