አገሩ ያልታወቀው ሰው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን አንዲት ሴት ሞተችብን። ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሎ ገዳሪፍ የጣላት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ በርበሬና ቅመም እየሸጠች የምታድር ዝምተኛ ሴት ነበረች። ስሟ ፋናዬ ነው፤ ሰፈሩ ግን "የካርቱሟ" ነበር የሚላት። ለቅሶው ቤት ደርሼ ገና ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደተቀመጥኩ አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ከስልኩ ጋር አገናኘና ሙሾ ለቀቀብን። የት እንደተቀረጸች የማላውቃት ሴት "የበረሃው አንበሳ፣ ጥይቱ የማይስት" እያለች ማንባት ጀመረች። የካርቱሟ በሕይወቷ ከሽንኩርት ቢላዋ በቀር መሣሪያ ነክታ የምታውቅ አይመስለኝም። መሐል ላይ ስልኩ ጠራና ሙሾው ቀጥ አለ። ልጁ "አይዋ፣ መርሐባ፣ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋውና አንበሳው ካቆመበት ቀጠለ።

መቀመጥ አቃተኝ። ድሮም መቀመጥ አይሆንልኝም። ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆምኩ፤ መንገዱ ላይ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ፣ ከማዶ የሰሊጥ መጭመቂያው ሽታ ይመጣል። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ለቅሶው ባዶ እንዳይሆን ብሎ ነው፣ ሌላ ማድረግ የሚችለውን ማን አሳየውና። ግን ያቺ የተቀረጸች ሴት የምታለቅሰው ለሌላ ሰው ነበር። እዚያው ቆሜ ጎበዜ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ አልሞላኝም። በልጅነቴ ከጭልጋ አክስቴ ይዛኝ መጥታ እዚሁ ገዳሪፍ አደግሁ። አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። ሎሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ፉልና ሻይ የምንሸጥባት ጎጆ ነበረችን። ፉሉን በጠርሙስ ቂጥ እንፈጨዋለን፣ ከላይ የሰሊጥ ዘይት እናፈስበታለን፣ ሽንኩርትና ቃሪያ እንከትፍበታለን። እኔ ታዲያ ሳህኑን ሳላደርስ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው። የካርቱም አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ልቤ አብሮት ይነሳል። "አንች ልጅ እግርሽን እሾህ ወግቶታል?" ትለኝ ነበር እቴቴ። የሱዳን ዘፈን በቃሌ እወጣለሁ፤ የኛን ግን አልወድም ነበር፤ የገጠር ይመስለኛል። እቴቴ ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት ናት። ሐበሻ የሞተበት ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው። እኔ አብሬያት ስሄድ ከኋላ ቀርቼ የማላውቃት እመስል ነበር።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከተማው ይለወጣል። ከመተማ በኩል የጎንደር ልጆች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይገባሉ፤ አንድ ቀን አድረው በሎሪ ወደ እርሻው ይጫናሉ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ከፈተ ማለት ምርቱ መሬት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ቢታመም እንኳ "ነገ ይሻለኛል" እያለ ማጨዱን ይቀጥላል። ወባው ደግሞ ነገን አይጠብቅም።

አንድ ጠዋት ሞላ የሚባል የቋራ ልጅ ጓደኛውን በሎሪ አስጭኖ በራችን ላይ አወረደው። ሬሳውን በሰሊጥ ጆንያ ሸፍነውታል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። እቴቴ ፉሉን ከእሳት አወረደች፣ ደንበኞቹን ሸኘች፣ ሬሳውን ከጎጆው ጀርባ ካለው ዳስ አስገባችው። ካህኑ ተጠሩ። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ቀብሩ ከሰዓት ሳይመሽ እንዲሆን ተባለ።

"ማን ይባላል?" አለች እቴቴ።

"ጎበዜ ነው የምንለው" አለ ሞላ። "አጨዳ ላይ የሚቀድመው የለም። ስሙን ስንጠይቀው 'ጎበዜ በሉኝ' አለን፣ በዚያው ቀረ።"

"አገሩስ?"

"ጎንደር ነኝ ይላል።"

"ጎንደርማ እኔም ነኝ። የጎንደር ምኑ?"

ሞላ አብረውት ወደ መጡት ዞረ። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በረሃ የሚገባ ሰው ብዙ አይጠያየቅም፤ ደም ያለበት አለ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣ አለ፣ እንዲሁ መናገር የማይወድም አለ። ካህኑ "እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል" ብለው ጸሎታቸውን ጀመሩ።

እቴቴ ግን ካህን አይደለችም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንድትጀምር ይጠብቋታል፣ እሷ አፏን አትከፍትም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "እቴቴ፣ ዝም ብለሽ የሆነ ነገር በይለትና ይቀበር" አልኳት። እንዲያልቅልኝ ነበር የፈለግሁት።

"ምን ልበልለት? አገሩን አላውቅ፣ አባቱን አላውቅ። ሰው ነው እንጂ ግንድ አይደለም የማለቅሰው። የሌላውን ሰው ሙሾ ባወርድበት ደግሞ ከባለሙሾው ሟች መስረቅ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረች። "ስታጭዱ ምን ያደርግ ነበር?"

"ያንጎራጉር ነበር።"

"ምን እያለ?"

ሞላ አፈረ። መሬት መሬት እያየ በተሰነጠቀ ድምፅ ጀመረው፦

ና ዝናብ ተመለስ፣ እርሻዬ ደረቀ፣
እናቴን ሳላያት ዕድሜዬ አለቀ።

እቴቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። "ድገመው" አለች። ደገመው። "ይህ የኛ አይደለም። የጭልጋ ሰው መጨረሻው ላይ ድምፁን ያነሳዋል፤ ይኸኛው ይደፋዋል። የቋራም እንዳይደለ አንተው ታውቃለህ።" ቀጥላ እኔን አየችኝ። "ዘውዴ፣ ዜማውን ያዥው። እህል ገበያ ከሚሸከሙት የኛ ልጆች መሐል የሚያውቀው አይጠፋም። ሬሳው ሳይወጣ ድረሽ።"

"ሞላ ለምን አይሄድም?"

"ሞላ መቃብር ይቆፍራል። አንች መሮጥ ትወጃለሽ አይደል? ሩጭ።"

ሮጥኩ። በጥቁሩ አፈር መንገድ ላይ የአህያ ጋሪ እያገኘሁ ስሳፈር፣ ጋሪው ሲዘገይብኝ ወርጄ ስሮጥ፣ ሁለቱን ስንኝ በከንፈሬ እየደጋገምኩ ነበር የሄድኩት። እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው። ከየሱቁ ሬዲዮ ይጮኻል፤ የሱዳኑ ዘፈን የጎበዜን ዜማ ሊወስድብኝ ሲል ጆሮዬን በነጠላዬ ጫፍ እደፍናለሁ። በሕይወቴ የሱዳን ዘፈን የረበሸኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እህል ገበያው ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ነጋዴዎች ሰሊጡን በመዳፋቸው እየዘገኑ ያያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሚዛን ይወጣል ይወርዳል። የኛ ልጆች ጆንያ በጀርባቸው ጭነው ከመጋዘን ወደ ሎሪ ይመላለሳሉ። አንዱን አስቁሜ "ጎበዜ የሚባል ታውቃለህ? ሰሊጥ ሊያጭድ የመጣ" ብለው ሳቀብኝ። "ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ ጎበዜ ያልተባለ ማን አለ?" አለኝና አለፈ። ሌላውን ጠየቅሁ፣ ሌላውን። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማጋደል ጀመረች።

መዝፈን እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ዓረብ ፊት፣ የማፍርበትን የገጠር ዜማ! መጀመሪያ በለሆሳስ አልኩት። ማንም አልሰማኝም። ጎጆው ጀርባ ያለውን ጆንያ አሰብኩ፣ እቴቴ አፏን ዘግታ እንደተቀመጠች አሰብኩ። ከዚያ አንድ የወደቀ ጆንያ ላይ ወጣሁና ድምፄን ለቀቅሁት።

አንድ ነጋዴ "ያ ቢንት፣ መጅኑና ነሽ፣ አብደሻል?" ብሎ ጮኸብኝ። አላቆምኩም። ሁለተኛውን ስንኝ ሞላ እንደደፋው ደፋሁት። አንድ ረጅም ሰው ጆንያውን እንደተሸከመ ደርቆ ቆመ።

"እስቲ ድገሚው" አለኝ።

ደገምኩለት። ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደ። "ከማን ተማርሽው?"

"ከሞተ ሰው። ዛሬ ነው የሚቀበር። አገሩን የሚያውቅ የለም።"

ፊቱ ላይ ያለውን አቧራ በክንዱ ጠረገ። "ይኸማ በለሳ ነው። እናቴ አረም ስታርም እንዲህ ነው የምትለው።" ስሙ ጌታነህ ነው። በጣቱ አፏጭቶ ሌሎች የበለሳ ልጆች ጠራ፤ ጆንያቸውን ባሉበት ጥለው መጡ። አሠሪያቸው "ወየን? ወየን?" ብሎ ወዴት እንደምንሄድ እየጠየቀ ከኋላችን ሲጣራ ጌታነህ ዞር ብሎ "ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ ወንድማችን ሞቷል" አለው።

ስንደርስ ሬሳው ተገንዞ ቃሬዛው ላይ ነበር። ጌታነህ ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጨርቅ ገለጥ አደረገ፤ ጓደኞቹም አዩት። ፊት ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ።

"አናውቀውም" አለ ጌታነህ።

ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ የሮጥኩ መሰለኝና ተናደድኩ። እቴቴ ግን አልተናደደችም።

"አገሩስ?"

"አገሩ በለሳ ነው። እሱን አልጠራጠርም።"

"ደግ። አገር አገኘን። አባትስ? በማን ልጅነት ልጥራው?"

ከሎሪዎቹ አንዱ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ጌታነህ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ፈታና በእጁ ጨበጠው።

"በአየነው ጥሪው።"

"አየነው ማነው?"

"አባቴ፤ በአገሩ አለ።"

እቴቴ ትክ ብላ አየችው። "በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዲህ አይባልም፣ የኔ ልጅ። ሟርት ይሆንብሃል።"

"አባቴ ልጅ ይወዳል" አለ ጌታነህ። "አንድ ቢጨመርለት አይከፋውም።"

ያኔ እቴቴ ተነሳች። ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ ተከተሏት፦

ማጭድህን አንሳ እንጂ፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ፣
የአየነው ልጅ ሆይ፣ ምነው ዛሬስ መስነፍ።

ስሙን ማን ይንገረን፣ ዘመዱ ከራቀ፣
በእንጉርጉሮው ብቻ አገሩ ታወቀ።

ከብረት የተሠራ የሚመስለው ሞላ መቃብሩን ቆፍሮ በአፈር እንደተለወሰ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖቹ ገብተው ዳሱ ጥግ ተቀመጡ፤ ቃሉ ባይገባቸውም "አላህ ይርሐሞ"፣ ነፍሱን ይማር እያሉ እንባቸውን ያብሳሉ። ጌታነህና ጓደኞቹ ቃሬዛውን እንደ ታላቅ ወንድም ተሸከሙት። እኔም አለቀስኩ። ለጎበዜ ብቻ አልነበረም። የማፍርባት ሴት ምን ስትሠራ እንደኖረች ገና ያን ቀን ነው የገባኝ፤ አንድ ሰው ከመሬት በታች ከመግባቱ በፊት ሰው መሆኑን ትመሰክርለት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አረፈ ብል ውሸት ነው። የካርቱሙን አውቶቡስ በመጨረሻ ተሳፈርኩት፤ ካርቱም ኖርኩ፤ ኸሽም ኤል ቂርባ የሚባል ከተማም ከረምኩ፣ ተመልሼ እዚሁ መጣሁ። ግን በሄድኩበት ሁሉ ለቅሶ ስደርስ ከኋላ መቅረት አቆምኩ። ከተመለስኩ ወዲያ እቴቴ እስክታርፍ ድረስ ከአጠገቧ እየተቀመጥኩ ሙሾዋን ተቀበልኳት። ስትሞት የጎደለውን ሞላሁ አልልም፤ ድምፄ የእሷን ግማሽ አይሆንም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አጥሩ ጥግ ብዙ ቆሜ ኖሯል። ተመልሼ ገባሁ። "ልጄ፣ የስልክህን ባትሪ አትጨርስ፤ ለማታ ያስፈልግሃል" አልኩት ልጁን። ደስ ብሎት አጠፋው። ከዚያ ሴቶቹን ስለ የካርቱሟ ጠየቅኋቸው። አንዷ በርበሬ ስትሰፍር ጫፉ ላይ ሳትጨምር ሸጣ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሌላዋ ልጇ ሲታመምባት ሌሊቱን አብራት እንደተቀመጠች ነገረችኝ። ዳባት ተወልጃለሁ ብላት እንደነበር ያስታወሰች ተገኘች።

እዚሁ የተወለደችው የጎረቤቴ ልጅ ሰላም አማርኛና ዓረብኛ እየቀላቀለች "ጠይብ ኻልቲ፣ እሺ አክስቴ፣ የአባቷ ስም ግን ማነው?" አለች።

አባቷን የሚያውቅ አልተገኘም። ሰው ጦርነት ሸሽቶ ሲመጣ አባቱን ማን ይጠይቀዋል? እናት አገሩ ውስጥ ያለ ሁሉ የእገሌ ልጅ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ግን የካርቱሟ፣ ጎበዜ ይባላል።

"በተሰማ ጥሯት" አልኩ።

"ተሰማ ማነው?"

"አባቴ ነው። ልጅ ይወድ ነበር።"

ተነሳሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ የፋናዬ ተሰማን ሙሾ ጀመርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰላም ስልኳን ወደ እኔ ዘርግታ እየቀረጸችኝ ነው። ትንፋሽ ስወስድ ጠጋ አልኳት።

"ይህን ለሌላ ሰው እንዳታለቅሽበት፤ የእሷ ብቻ ነው" አልኳት። "ዜማውን ግን ያዥው።"