የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት

ቅዳሴ እንዳለቀ የቤተ ክርስቲያናችን መነኩሲት፣ ሲስተሯ፣ የድሮ የምጽዋ ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ፣ ዛሬ የፈረሱት ቤቶች። እሁድ ለሕዝብ ለሚታየው ሞስትራ፣ ለፎቶ ትርኢቱ፣ ስማቸውን ልነግራት ነው። «ይሄ ጉምሩክ፣ ያኛው ሲኒማ» እያልኩ በአገጬ አሳየኋት።

«አባባ፣ ጣት የለዎትም እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ጣትማ አለኝ። ልጅ ሆኜ በዚያው መንገድ ላይ አንድ ወታደር ብስኩት ሰጠኝና የዳቦ ጋጋሪውን ቤት ጠየቀኝ። የእንጨት በረንዳ ያለውን ቤት በጣቴ አሳየሁት። ብስኩቱን ሳልጨርስ ወታደሮቹ ጋጋሪውን እጁ ላይ ዱቄት እንዳለ ይዘውት ሄዱ። በዚያው ቀረ። አክስቴ እጄን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ጣትህን ሰብስብ! የጋጋሪው ልጆች ቤቱን ማን እንዳሳየ እስኪሞቱ ድረስ ይጠይቃሉ» አለችኝ።

ሲስተሯ የመጨረሻውን ፎቶ አወጣች። ያው የእንጨት በረንዳ ነው። አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ወደኔ ያያል።

«ይሄስ የማን ቤት ነው?»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። «አላውቀውም።»

«ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም። እሁድ የምጽዋ ልጆች ሁሉ ይመጣሉ፤ የሚያውቀው አይጠፋም።»

ኪሴ ውስጥ ጣቴ አሁንም በብስኩቱ ስኳር የተጣበቀ መሰለኝ።