አርምሞ የያዙት ሽማግሌ

እኔ ከድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ወተት ስትሰጠኝ «ውሃ አልገባበትም?» እል እንደነበር ዛሬም እየሳቀች ታወራለች። ስለዚህ በነሐሴ ዝናብ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ፣ ነጭ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ወስደው ጎንደር ዳር ካለ የድሮ የእህል መጋዘን ሲያስገቡኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ሳይሆን እዚያ የታሰሩትን ሰዎች ዓይን ነው። ሁሉም ዓይኑን አሸሸብኝ። መጋዘኑ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል።

«ስሜ...» ብዬ ስጀምር ካቦው፣ የእስረኛው አለቃ፣ አቋረጠኝ። ከአይከል እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነው።

«እዚህ ስም የለም» አለኝ። «አንተ ፋርማሲው ነህ፤ እኔ ሾፌሩ ነኝ። በቃ።»

«ምነው?»

በአገጩ በሩ አጠገብ፣ ባልዲው ወዳለበት ጥግ አመለከተኝ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተቀምጠዋል። ከገቡ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። ከሰዓት በኋላ ጭብጥ የራሰ ሽምብራ ይቀምሱና ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ።

«ሰው ስም ሲጠራ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል» አለኝ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሸመድዳል እኮ! በማግስቱ ስሙ የተጠራው ሰው ለምርመራ ይወሰዳል።»

እኔም አጥብቄ አይ ጀመር። እውነቱን ነው፤ አንዱ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ስሟ ከአፉ ሲያመልጠው የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ግን ሌላም ነገር አየሁ። ጥምጣም የሚያርፍበት የግንባራቸው ቆዳ ከሌላው ፊታቸው ቀላ ይላል። በር ላይ ጥምጣም ያስፈታሉ፤ ሰው ይታነቅበታል ብለው። ጊዜው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። ቄስ ይሆኑ? ሱባኤ ይዘው ይሆን?

«ሰላይ ጥምጣም መጠምጠም ያቅተዋል?» አለኝ ሾፌሩ። «ነገ እናናግረዋለን።» እናናግረዋለን ሲል እጅጌውን ይሰበስብ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው እኔን አስጠራኝ።

«ያ ሽማግሌ ለምንድን ነው የማይናገረው?»

«አርምሞ ይዘው ይሆናል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

መግለጽ አቃተኝ። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበረው፤ እናቴ «አባታችሁ አርምሞ ይዟል» ትለንና ቤቱ ውስጥ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ያን ዝምታ በምን ቃል ልንገረው?

«ዝምታ ነው» አልኩት። «ግን ዝም ማለት ብቻ አይደለም። ያስባሉ።»

«ስለ ምን?»

«እሱን በምን አውቄ?»

«ስለ መንግሥት?»

«ስለ ነፍስ ይመስለኛል።»

ሳቀ። «እንግዲያው ያሴራል ማለት ነው። ዝም ብሎ ያሴራል ብለህ መስክር፤ ዛሬ ራትህን ከልጆችህ ጋር ትበላለህ።»

ትንሿ ልጄ እኔ ካላጎረስኳት አትበላም። ቢሆንም አባቴን ሴረኛ ያለብኝ ያህል ተሰማኝ።

«ትርጉሙ እሱ አይደለም» አልኩት። «አልመሰክርም።»

በጭቃው ስመለስ ነገሩ በራልኝ፤ ሽማግሌው የእነሱ ሰው ቢሆኑ ስለ እሳቸው እኔን ምን አስጠየቃቸው? መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሽማግሌው ራስጌ ቆሟል። ያሰብኩትን ነገርኩት።

«አንተስ ምነው ቶሎ መጣህ?» አለኝ። «ሌላው ሲሄድ ይውላል።»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ባስረዳ ይብስ እንደምጠረጠር፣ ተጠራጣሪ ነኝና፣ አውቃለሁ። ሄጄ ባልዲው አጠገብ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። ሁሉም እየሰማ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቅርበት ሹክሹክታው ይሰማል። ስሜን ጠርተው «ዕቀቦ» አሉ በግዕዝ፤ ጠብቀው ማለት ነው። ቀጥለው የሾፌሩን ስም፣ የዚያችን ሚስት ስም፣ የሌሎቹንም ጠሩ።

ሾፌሩ እጅጌውን ፈታ። ቆይቶ ተንበረከከና «አያ፣ ልጄ ታማለች» አላቸው። ስሟንም ነገራቸው።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ሽማግሌው መጀመሪያ ያወጡት ቃል «የመርማሪው ስም ማነው?» የሚል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ሁላችንም ደነገጥን።

«እሱ ብቻ ቀርቶኛል» አሉ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም።

ወሬያችንን ያወጣ የነበረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሽማግሌውንም ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ወተቱንም አሁንም ሳላሸት አልጠጣም።

በቀደም በፋርማሲው መስኮት መድኃኒት የደረሰለትን ሰው ስም ጠራሁ። ከወረፋው ወጥቶ የቀረበው ያ መርማሪ ነበር። አላወቀኝም። ጠላሁት፤ ስሙን ግን አወቅሁ። ጠዋትና ማታ እንዲውጥ ነግሬው መድኃኒቱን ሰጠሁት።

ሄደ ስል ከመስኮቱ ሳይርቅ ዞሮ በጥርጣሬ ትክ ብሎ አየኝ።

«ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል» አለኝ። «ምን አልክ?»

«ምንም» አልኩት።