እትዬ ሙጫ የለጠፉት አበባ

በዩኒቨርሲቲው የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ ክፍል ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሙጫ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከየዱሩ ተለቅሞ በጋዜጣ መሃል የደረቀውን ተክል ወፍራም ወረቀት ላይ መለጠፍ። ስም ማውጣቱ የምሁራኑ ፈንታ ነው። «እኔ ልለጥፍ፣ እናንተ ተከራከሩ» ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ከምሁራኑ አንዱ የሆነው ዶክተር እየሮጠ መጣ። ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚያውቁት፣ እንደ ልጃቸው የሚሳሱለት ሰው ነው።

«እትዬ ሙጫ፣ እልል ይበሉ! ያ የማጠናው ኦርኪድ የሚባለው አበባ አዲስ ዝርያ ነው፤ የሳይንስ መጽሔቱም ጽሑፌን ተቀበለው። ስሙን በእርስዎ ስም ነው ያወጣሁት! ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይነገራል።»

እንባቸው መጣ። ልጅ አልወለዱም፤ ስማቸውን የሚያስጠራ ነገር በዚህ ዓለም ይቀራል ብለው አስበው አያውቁም። «እስቲ ልየው» አሉ።

ተክሉ የተለጠፈበትን ወረቀት ሲያዩ ክው አሉ። የእጃቸውን ሥራ እንዴት ይስቱታል? ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ባላቸውን በቀበሩ በሳምንቱ ሥራ ገብተው መስኮት ቢከፍቱ፣ ነፋስ የጠረጴዛውን ሁሉ ደበላልቆባቸው ነበር። የረገፉትን አበቦች በግምት መለሱ። ይኸው የአንዱ ኦርኪድ አበባ በሌላው ኦርኪድ ቅጠል ላይ! መጋጠሚያውን የሸፈነው የራሳቸው ሙጫ ነው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ኅሊናቸው ግን እሺ አላላቸውም።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ተክል የለም። አበባው የሌላ ነው። ተሳስቼ ያጋጠምኩት እኔ ነኝ።»

የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ። አጉሊ መነጽሩን አንስቶ አየ፤ ደግሞ አየ። እትዬ ሙጫ ቁጣ ጠበቁ። ምነው በተቆጣ ኖሮ! በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለሌላ ሰው ነግረዋል?» አለ።

«ኧረ ለማንም!»

«እንግዲያው እርስዎም አልነገሩኝ፣ እኔም አልሰማሁ። ሰባት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ከሰዓት ወረቀቱን ወደ አዳራሹ ያምጡልኝ።» ክራባቱን እያስተካከለ ወጣ።

እትዬ ሙጫን ከራሳቸው ስህተት ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ነው፤ ያ አንጀታቸውን የሚበላው ልጅ! ወይ ጉድ!

ቆይተው፣ ምሁራኑ አስተያየታቸውን ጽፈው ከተክሉ ጎን የሚለጥፉበትን ቁራጭ ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። «አበባውና ቅጠሉ የአንድ ተክል አይደሉም። ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙበት። ከአበባው ጎን ለጠፉት። እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ወረቀቱን አቅፈው ወደ አዳራሹ ሄዱ።