የእናቴ አውራ ጣት በፋክስ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... አንዲት ወረቀት ይዤ የሱዳኗን ገዳሪፍ ስዞር ነበር።

ወረቀቷ ላይ የእናቴ አውራ ጣት ታትሟል። ወንድሜ ባለበት አገር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ እናታችን ወደ ልጇ ለመሄድ መስማማቷን እስከዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ካላረጋገጠች ፋይሏን እንደሚዘጋው አስታውቆናል። ኢሜል አይቀበሉም። በፋክስ ወይም በፖስታ ብቻ። ፖስታውን ተዉት... ከጦርነቱ ወዲህ ስሙንም ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

ጣቷን ያሳተምንበት የወረቀት ሱቅ ባለቤት ሳቀብኝ። «ፋክስ? አያቴ በሕይወት ቢኖር እሱን ትጠይቂው ነበር» አለኝ በዐረብኛ። ሳቁን ሲጨርስ ግን «ሲት አልፋክስ ጋ ሂጂ» አለ።

ሲት አልፋክስ... የፋክስ እመቤት። እኛ እትየ አልጋነሽ ነው የምንላት። ድሮ ሰሊጥ ገበያው ጥግ የስልክ ቤት ነበራት፤ ነጋዴው ወደ ወደቡ የሚልከውን ወረቀት ሁሉ በእሷ እጅ ነበር የሚልከው። ስልክ ቤቱ ሲዘጋ ማሽኑንም መስመሩንም ወደ ቤቷ ወሰደች። በኋላ መስመሩ ዝናብ በመጣ ቁጥር መሞት ሲያበዛ፣ ራሷ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ «ቁረጡልኝ» አለቻቸው።

ይህ ትዝ አለኝ። መስመር የሌላት ሴት በምን ትልካለች?

እናቴ «ወረቀቱ የኔ ነው» ብላ አብራኝ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ወጣች።

እትየ አልጋነሽን ግቢዋ ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር አገኘናት። ማሽኑ ሳሎን ውስጥ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሰላምታው ሲያልቅ «መስመሩን አስቆርጣለች ሲሉ ሰምቼ ነበር» አልኳት።

«ሽቦውን ነው ያስቆረጥሁት። እጄን አይደለም» አለችኝና ፎቶ ወደ ፋክስ የሚልክ መተግበሪያ የጫነችበትን ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ጠረጴዛውን ፀሐይ ላይ አወጣች። ወረቀቱን በአራት ጠጠር ወጠረችው። እኔን ነጠላዬን ከላይ ዘርግቼ እንድቆም አደረገችኝ፤ ጥላው እኩል እንዲሆን። የገዛ ጥላዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ትንፋሿን ውጣ ፎቶ አነሳችው። ስልሳ ዓመት አልፏታል። እኔ በሰላሳ ሰከንድ አንስቼ እልከው ነበር።

«በቃ፣ ላኪው» አልኳት። እጄ እየዛለ ነበር... ሰባት ሰዓት አልፏል።

«ቆይ።» ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረገችው። «ማዶ ያለው ማሽን የሚያየው እንዲህ ነው።» ስልኩን ወደ እኔ አዞረች። «እናትሽ የት አለች?»

አየሁ። ስሟ አለ። የተወለደችበት ቀን አለ። አውራ ጣቷ የነበረበት ቦታ... ነጭ። ሱቁ የሰጠን ቀለም ሐምራዊ ነበር፤ ደብዛው ጠፍቷል።

እናቴ ወረቀቱ ላይ የለችም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ። እንዲሁ ብንልከው ባዶ ነው ብለው ይጥሉታል። ፋይሉ ይዘጋል። እናቴ እኔ ዘንድ ትቀራለች... ጥፋቱም የቀለሙ ይሆናል።

እትየ አልጋነሽ አየት አደረገችኝ። ያወቀችብኝ መሰለኝ። ወደ እናቴ ዞረች።

«እትየ ጥሩ፣ ልጅዎን ማየት ይፈልጋሉ?»

«ዓይኔ ሳይጠፋ ነዋ» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ጣትዎን ያውሱኝ።»

ማድ ቤት ገብታ አንድ የጠቆረ ድስት ይዛ ወጣች። ቂጡን በማንኪያ ፋቀችው። ጥላሸቱ ላይ አንድ ጠብታ የሰሊጥ ዘይት ጣል አድርጋ አሸችው። «ከቁረይሻ እርሻ የሚመጡትን ሠራተኞችም በዚህ ነበር የማሳትማቸው። ፋክስ ሐምራዊ አያይም። ጥላሸት ግን ያያል።»

የእናቴን ጣት እንደ ሕፃን ጣት ይዛ፣ ከሐምራዊው ጎን ቀስ አድርጋ ጫነችው።

«ሁለት ጊዜ ፈረምሁ» አለች እናቴ። «ሁለት አሮጊት ሊመጣብን ነው ብለው እንዳይደነግጡ።»

እንደገና ጠጠር፣ እንደገና ነጠላ። ኔትወርኩ ሄደ... መጣ። አንዴ ተላከ፤ ማዶ መስመሩ ተይዟል አለ። ሁለተኛም ተይዟል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። እኔ ግቢውን በእርምጃ እለካለሁ። እሷ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች... አትነቀንቀው፣ አትራገም። ማሽን የሚጠበቅበትን መንገድ የምታውቅ ሴት።

በሦስተኛው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሄደ። «ተላከ!» አልኩ።

«መሄዱን ነው ያየሽው። መድረሱን ገና አላየንም።»

ትንሽ ቆይቶ ማዶ የደረሰው ገጽ ምስል ከማረጋገጫው ጋር በትንሹ ተመልሶ መጣ። መነጽሯን አጠለቀች፣ በሁለት ጣት አሰፋችው፣ ወደ ታች ወረደች... ቆመች።

«እናትሽ አለችልሽ» አለችኝ።

ዘመኑ ጥሎን ሄደ እያልን ስንት ነገር እንተዋለን። እሷ የተወችው ሽቦውን ብቻ ነው።

ማታ እናቴ ስትታጠብ አየኋት፤ አውራ ጣቷን ከውሃው አርቃ። «ምነው?» ስላት «ድገሚ ቢሉኝስ? ይቆይ» አለችኝ።

ጣቷ እስካሁን ጥቁር ነው። በዚያ እጅ አይበላም፣ በግራ ደግሞ ነውር ነው... ስለዚህ እስኪጠሯት ድረስ እያጎረስኳት ነው።